በመቋሚያ የተደመጠው ቧንቧ

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከኪዳን ጸሎት ተመልሼ የግቢዬን በር ልከፍት ስል፣ መንገዱ ዳር ሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሮ አገኘሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች አፈሩን ወደ አንድ ወገን ይከምራሉ። ጎረቤቶቼም ጉድጓዱን ባዩ ጊዜ ማንም ሳይነግራቸው ጀሪካንና ባልዲ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር፣ እየተሸከሙ ወደየቧንቧቸው ይጣደፉ ነበር። የሰፈራችን ሰው ዶማ ያየ እንደ ሆነ ውሃ ሊጠፋ ነው ብሎ ያጠራቅማል፤ ልማዱን ያስተማረው ኑሮው ነውና አልፈርድበትም።

ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ዕድሜዋ የልጅ ልጆቼን የሚያህል፣ የሥራ ቆብ የደፋች ቴክኒሻን ቆማ ነበር። ሕሊና እባላለሁ አለችኝ። ጆሮዬ ከከዳኝ ሰንበትበት ብሏልና የነገረችኝን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

«አይጨነቁ አባባ፣ ዛሬ ውሃ አይቋረጥም። ዋናውን መስመር ሳንዘጋው ነው አዲሱን የምንቀጥለው።»

«ውሃ በግፊት እየሄደበት?»

«አዎ፣ እየሄደበት። ድሮ አይቻልም ነበር እኮ። አሁን ማሽን አለ።»

እኔም ፈገግ አልኩና በመቋሚያዬ ተደግፌ ጉድጓዱን ወደ ታች አየሁ። «ድሮ አይቻልም ነበር» የሚለው ቃል ግን ከቁርሴ በፊት ልቤ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን ከማንም በፊት የተማርኩ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ እውነትን ከነባለቤቱ መመስከር ትዕቢት አይሆንብኝምና፣ በዚሁ መንገድ ሥር በአንድ የሁዳዴ ዓርብ የሆነውን እጽፋለሁ።

የተወለድኩት ጎጃም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዜማ ስማር ቆይቼ፣ መምህሬ ባረፉ ጊዜ ጉባኤው ተበተነና አጎቴ ዘንድ ወደ ቀራንዮ መጣሁ። አጎቴ በደብሩ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እንጀራዬን ራሴ ልቻል ብዬ ቧንቧ በሚዘረጋ አንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ በቀን ሠራተኛነት ስገባ እጅግ አዘኑ። «ለዜማ የተገራ ጆሮ በመዶሻ ጩኸት ሊደነቁር ነው» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ነገሩ ከነከነኝ፤ የተማርኩትን ሁሉ በጭቃ ውስጥ የጣልኩት ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ቀራንዮ ዛሬ እንደሚታየው አልነበረም። ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወዲህ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በበጋ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰምጣል፤ ግራና ቀኙን የባሕር ዛፍ አጥር ይዞት ይወርዳል። የካቲት ሲያልቅ ቅጠሉ በፀሐይ ግሎ የሚሰጠው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዋናው የውሃ መስመር በዚሁ መንገድ ዳር ተቀብሮ ያልፋል። ውፍረቱ የሰው ጭን የሚያህል፣ ብረት ቀልጦ ተፈስሶ የተሠራ አሮጌ ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ እናቶች የሚወልዱበት ክሊኒክ ነበር። ከመንገዱ በታች ያለው የቀራንዮ ሰው ግን ከዚያ መስመር አንዲት ጠብታ አያገኝም፤ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ወደ ምንጭ ይወርዱ ነበር። እኛ የታዘዝነው ከዋናው መስመር ላይ ለእነርሱ ቅርንጫፍ እንድናወጣ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ መዝጋት፣ መቁረጥ፣ መቀጠል፣ መክፈት። ችግሩ መዝጊያው ላይ ነበር። ሳራቺኔስካ የምንለው ዋናው የውሃ መዝጊያ የሚገኘው ማዞሪያው አጠገብ ባለ ጉድጓድ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ማንም አልነካውም። ዝጎ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኗል። በግድ ቢዘጋ ተመልሶ እንደሚከፈት ማንም ዋስትና አይሰጥም። ክሊኒኩ ደግሞ ማጠራቀሚያ ጋን አልነበረውም። ስለዚህ መስመሩ ሕያው እንደ ሆነ፣ ውሃው በሙሉ ግፊቱ እየሄደ፣ ጎኑን መብሳት ነበረብን።

ይህን ጥበብ ከመካከላችን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ካቦአችን ጋሽ ወርዶፋ። ከሆለታ በኩል የመጡ፣ አጭርና ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እኩል የሚቀልዱ ሰው ናቸው። ሙያውን በወጣትነታቸው ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ ተምረውታል። የሚገጥሙት ብሎን ስምንት ከሆነ ሰባቱን እንደ ማንም አስገብተው አንዱን ሁልጊዜ በግልባጭ ይሰድዱታል፤ ራሱ ወዲህ፣ የሚያጠብቀው ዳዶ ወዲያ። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው «ነገ ሰው ቆፍሮ ሲያገኘው የማን ሥራ እንደ ሆነ ይወቅ፤ እኔ መጻፍ አልችልም» ይሉናል።

በሥራው ላይ ከነበርነው አንዱ ሽፈራው ነው። ጡንቻው የበሬ፣ ምላሱ የመርፌ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት መምጣቴን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ስሜን ጥሎ «የኔታ» ሲል ይጠራኝ ጀመር። «የኔታ፣ ይህን አካፋ ባርክልን።» «የኔታ፣ ለዚህ ድንጋይ ዜማ አውጣለትና ራሱ ይነሣ።» ሁሉም ይሥቃል፤ እኔም አብሬ እሥቅ ነበር፤ ከመሣቅ የተሻለ መከላከያ አላገኘሁም።

ከዚያ ዓርብ አስቀድሞ ባለው ሳምንት አንድ ምሥጢር አወቅሁ። ጋሽ ወርዶፋ ከመንገዱ መካከል ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ሳለ፣ ድንጋይ የጫነ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ መጣባቸው። ጮኽኩ፤ አልዞሩም። ደግሜ ጮኽኩ፤ አሁንም አልዞሩም። ሮጬ በክንዳቸው ጎትቼ አወጣኋቸው። አቧራቸውን ሲያራግፉ ከንፈሬን አተኩረው ይመለከቱ ነበርና ያን ጊዜ ገባኝ። የሰው ቃል የሚለዩት በጆሯቸው ሳይሆን በዓይናቸው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቆየ። ሠላሳ ዓመት ብረት መትቼ ምን ይተርፈኛል?» ወደ ሌሎቹ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኢንጂነሩ ይህን ካወቀ ነገ ቤቴ ነኝ። ይህ ሥራ በጆሮ የሚሠራ ነው ብሎ በመጽሐፍ ተምሯል፤ እውነቱን ነው። ለማንም አትንገር።»

አልናገርም ብዬ ቃል ገባሁ። በሕይወት እስከ ነበሩ ድረስ ጠብቄዋለሁ።

ሥራው በጆሮ የሚሠራው ስለ ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። አስቀድሞ ከሁለት ወገን የሚገጥም የብረት እቅፍ ቧንቧውን ያቅፈዋል፤ እቅፉ በጎኑ አፍ አለው። በአፉ ላይ አዲስ መዝጊያ ይታሰራል። ከመዝጊያው ኋላ ደግሞ መቁረጫው ያለበት፣ ውሃ የማያሾልክ በርሜል መሰል ዕቃ ይገጠማል። መዝጊያው ክፍት ሆኖ መቁረጫው በውስጡ አልፎ ይገባና የቧንቧውን ጎን እንደ ክብ መስኮት ይቆርጠዋል። በመቁረጫው መካከል ያለው፣ ቀድሞ የሚበሳው መርፌ የተቆረጠውን ክብ ብረት ነክሶ ይይዘዋል። ከዚያ ሁሉም ወደ በርሜሉ ይመለሳል፤ መዝጊያው ይዘጋል፤ ዕቃው ይነሣል፤ አዲሱ ቧንቧ ይቀጠላል። ውሃው ይህ ሁሉ ሲደረግበት ሳይቆም መንገዱን ይሄዳል። ግን መቁረጫው ሥራውን መጨረሱን በዓይን የሚያይ የለም። ብረቱ ጥቂት እንኳ ሳይቆረጥ ቀርቶ ወደ ኋላ ቢሳብ መቁረጫው ተነክሶ ይቀራል፤ መዝጊያው ሊዘጋበት አይችልም፤ ውሃው ጉድጓዱን ሞልቶ ከታች ያሉትን ቤቶች ያጥለቀልቃል፤ ክሊኒኩም ይደርቃል። ከመጠን አልፎ ቢገፋ ደግሞ የቧንቧውን ወዲያኛውን ግድግዳ ይነካል። ስለዚህ ዙሩ ይቆጠራል፤ ድምፁም ይደመጣል።

ዓርብ ጠዋት ከስብሐተ ነግህ በቀጥታ ወደ ሥራው ወረድኩ፤ መቋሚያዬን ከዕቃ ሳጥኑ አጠገብ አቆምኩት። በሁዳዴ ከበሮውም ጸናጽሉም ዝም ይላሉና ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ሳምንታት እንዲህ ሲያልፉ ጆሮ ይጠራል፤ ትንሹ ነገር ሁሉ ይሰማዋል። ሆዴ ባዶ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ስለ ሆንኩ በኪሴ የያዝኩት የሽምብራ ቆሎና ስልጆ የተቀባ ዳቦ ሽታው ብቻ ይደርሰኝ ነበር።

ገና ስንጀምር ከክሊኒኩ ነጭ የለበሱ ሲስተር መጡ። «ውሃው በስንት ሰዓት ነው የሚቋረጠው? ሁለት እናቶች ምጥ ላይ ናቸው፤ በርሜል እየሞላን ነው።»

«አይቋረጥም ሲስተር» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

ሲስተሯ ጉድጓዱን፣ ብረቱን፣ እኛን አየት አየት አድርገው፣ «እንዲያው ለማንኛውም እንሞላለን» ብለው ተመለሱ።

ኢንጂነሩ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ በሳንቃ ላይ የሚቆም ሰው ነበር። የቧንቧውን ውፍረት በወረቀት አስልቶ፣ መርፌው ከበሳ በኋላ ሰማንያ ያህል ዙር ይበቃል አለ። ጋሽ ወርዶፋ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ባለ መቁጠሪያ ነህ። ያንተ ቋጠሮ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ ነው ጋሼ።»

«ሁለቴ ዙረዋ። ሰማንያ ሁለት ላይ አቁም።»

እኔና ሽፈራው የመዘውሩን ሁለት እጀታ በወዲህና በወዲያ ያዝን። በቀኝ እጄ እገፋለሁ፤ በግራ እጄ የመቁጠሪያውን ቋጠሮ ባውራ ጣቴ አሳልፋለሁ። ጋሽ ወርዶፋ መቁረጫውን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን መግፊያ ይቈጣጠራሉ። ጥቂት እንደ ቆየን መርፌው በሳ፤ በጎን ያለችው ትንሽ መሞከሪያ ቧንቧ በቀጭኑ ውሃ ተፋች። ውሃው ፊቴን መታኝ፤ ብረት ብረት ይላል፤ እጅግ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ጀመረ።

በለሆሳስ የምቆጥረው በምሕረት ልመና ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ልመና፣ ለእያንዳንዱ ልመና አንድ ቋጠሮ። እጄ ደከመ፤ አፌ ግን አልደከመም፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የለመደው ነውና። ድምፁንም እሰማ ነበር። መቁረጫው ብረቱን ሲበላ ቀጭን፣ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ አራራይ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ብረቱ ሙሉ በሙሉ ሲለቅ ድምፁ ወደ ደረት መውረድ አለበት፤ ጋሽ ወርዶፋ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። የመቁጠሪያውን የሁለተኛ ዙር የመጨረሻ ቋጠሮ አልፌ ጸሎቱን አተምኩና «ሰማንያ ሁለት» አልኩ። መዘውሩ ቆመ።

«በቃ፣ መልሱት» አለ ኢንጂነሩ።

በዚያች ቅጽበት ያደረግሁት ስሕተት ታወቀኝ። አርባ አንዱ ሲፈጸም በልማዳችን ሦስት ጊዜ ምስጋና አቅርበን ነው የምናትመው። እኔም በሁለቱም የመቁጠሪያ ዙር መጨረሻ እንደ ልማዴ ምስጋናውን አድርሻለሁ፤ ጣቴ ቋጠሮ አላሳለፈም፤ ክንዴ ግን ለእያንዳንዱ ምስጋና አንድ ዙር መዞሩን አልተወም ነበር። ሰማንያ ሁለት ብዬ የጠራሁት ሰማንያ ስምንት ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም፤ የብዙ ሰው ውሃ በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏልና።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ስድስት ዙር አልፈናል። ሰማንያ ስምንት ነው።»

የኢንጂነሩ ፊት ተለዋወጠ። «እንግዲያው ከመጠን አልፏል። ወዲያኛውን ግድግዳ ሳይነካ ቶሎ መልሱት።»

«ጌታዬ፣ ገና አልጨረሰም» አልኩት። «ድምፁ አልወረደም። በአንድ በኩል ይዟል።»

ሽፈራው ላቡን በክንዱ ጠርጎ ሣቀ። «የኔታ፣ ቁጥሩን አጥፍተህ ስታበቃ አሁን ደግሞ ድምፁን ልታውቅልን?»

ያለው ትክክል ነበር። ቁጥር የሳተ ሰው ጆሮውን እመኑልኝ ሲል የሚያምነው ማን ነው? ኢንጂነሩ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ዞሮ፣ «እርስዎ ይንገሩን። ይሰማዎታል አይደል? ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም?» አለ።

ጋሽ ወርዶፋ አንዴ የኢንጂነሩን ከንፈር፣ አንዴ የእኔን አዩ። ጥያቄው ገብቷቸዋል፤ መልሱ ግን ለእርሳቸው በዝምታ ውስጥ ነበር።  

እዚህ ላይ ስለ ትምህርት ቤታችን አንድ ልማድ ልናገር። መምህራችን በዜማ መካከል በድካም የሳቱ እንደ ሆነ፣ ከተማሪዎች ማንም «ተሳሳቱ» አይላቸውም። ከመካከላችን ታላቁ መቋሚያውን ከእግራቸው ፊት ያኖርና «እኔ አልያዘልኝም፤ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» ይላቸዋል። መምህሩም ሲደግሙት ስሕተታቸውን ራሳቸው ያገኙታል፤ ክብራቸውም አይነካም፤ ዜማውም ይቃናል። ይህን ልማድ የሠሩት ሰዎች ስለ ሰው ልብ ብዙ ያውቁ እንደ ነበር ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር ይበልጥ እረዳለሁ።

ከጉድጓዱ ወጥቼ መቋሚያዬን አመጣሁ። ሽፈራው «ደግሞ ሊያሸበሽብ ነው» ሲል ሰማሁት። ወደ ጋሽ ወርዶፋ ፊት ለፊት ቀርቤ፣ ከንፈሬን እንዲያዩ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ጆሮዬ አልለየልኝም። እባክዎ በዚህ ያዳምጡልኝና ይንገሩኝ» አልኳቸው። የመቋሚያውን ጫፍ በብረቱ እቅፍ ላይ ተከልኩ። ሰው ሲቆም ብብቱን የሚያሳርፍበትን ራሱን ደግሞ ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አስጠጋሁት።

እንጨት ድምፅን እንዴት እንደሚሸከም ከሌሊት ቁመት አውቀዋለሁ። ማኅሌት ላይ ደክሞኝ ግንባሬን በመቋሚያዬ ላይ ሳሳርፍ፣ ከጎኔ ያለው ሰው መሬቱን ሲመታ ድምፁ በእንጨቱ ወጥቶ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ መጀመሪያ ምን እንደማደርግ አልገባቸውም። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን አንሥተው «ዙሩ፣ ቀስ» አሉ። እኔና ሽፈራው አንድ ዙር ዞርን። ፊታቸው ላይ ያየሁትን መግለጽ ይከብደኛል፤ ለዓመታት ሰው ያልገባበት ቤት በሩ ሲንኳኳ የሚሰማ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«አልጨረሰም» አሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። «ልጁ እውነቱን ነው። በስተታች በኩል ይነክሳል። ብረቱ ከታች ወፍሯል።»

«ስሌቱ እንዲህ አይልም» አለ ኢንጂነሩ።

«ስሌቱ ላይ የጻፍከው ቧንቧ አዲስ ነው፤ ይሄ አሮጌ ነው። ዙሩ ልጆቼ።»

ዞርን። አሁን አልቆጠርኩም፤ አፌንም ዘጋሁት። አምስት ይሆን ስድስት ካለፈ በኋላ ድምፁ ይበልጥ መቅጠን ጀመረ። እንደገና ጥቂት ዞርን። ሽፈራው እንኳ መቀለዱን ትቶ አንገቱን ወደ ብረቱ ዘንበል አድርጎ ነበር። ከዚያ በድንገት ያ የአፍንጫ ድምፅ ተቋርጦ ከሥሩ ሌላ፣ ወፍራምና ለስላሳ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ተነሣ። አፌን ከፍቼ «አሁን» ልል ስል ጋሽ ወርዶፋ እጃቸውን አንሥተው ነበር። ሁለታችን እኩል ሰማነው፤ እኔ በአየሩ፣ እርሳቸው በእንጨቱ።

«አቁሙ። መልሱ» አሉ።

መቁረጫው ያለ አንዳች መንገጫገጭ ወደ በርሜሉ ተመለሰ። ኢንጂነሩ ራሱ ከሳንቃው ወርዶ ጭቃው ውስጥ ገባና አዲሱን መዝጊያ ዘጋው፤ እስከ መጨረሻው ገጠመ። በርሜሉን ስንፈታው የሳሕን መሐል የሚያክል ክብ ብረት መርፌው ላይ ተሰክቶ ወጣ። ጋሽ ወርዶፋ በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። አንደኛው ጠርዙ ከሌላው እጥፍ ይወፍራል። ኢንጂነሩ ተቀብሎ ለረዥም ጊዜ አየውና መለሰላቸው፤ ወረቀቱንም ከኪሱ አውጥቶ አንድ ነገር ሰረዘ።

«በእንጨት እንዴት ሰሙት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ብረት የሚነግርህ ሲነካህ ነው» አሉት። እኔን አላዩኝም፤ እኔም እርሳቸውን አላየሁም።

አዲሱን ቧንቧ እየገጠምን ሳለን ሲስተሯ ተመልሰው መጡ። እጅጌያቸው እስከ ክርን ርሷል። «በርሜሉን ሁሉ ሞልተናል፤ አሁን ልትዘጉት ትችላላችሁ» አሉ።

«ጨርሰናል ሲስተር» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

አላመኑም። «ቧንቧችን እኮ አሁንም እየወረደ ነው» አሉ።

ጋሽ ወርዶፋ ሣቁ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲሥቁ አላየኋቸውም። ሽፈራው ደግሞ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሲስተር፣ የኔታ ባረከው» አለ። ያን ጊዜ ግን «የኔታ» ያለበት ድምፅ የወትሮው አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን አልተወልኝም፤ እኔም እንዲተወው አልፈለግሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አፈር ክምሩ ላይ ተቀምጬ ቆሎዬንና ዳቦዬን አወጣሁ። ጋሽ ወርዶፋ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ከዳቦው ቆረስኩላቸው። 

«ጆሮህ ለይቶልህ ነበር» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አልለየልኝም ያልከኝ ውሸት ነበር እንግዲህ።»

«ንስሐ እገባበታለሁ» አልኳቸው።

«አትግባበት» አሉና ክብ ብረቷን ከኪሳቸው አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሯት። አዲሱ ቧንቧ ከሚታሰርባቸው ስምንት ብሎኖች አንዱ ቀርቶ ነበር። ተነሥተው በግልባጭ ሊያስገቡት ሲሉ ቆም አሉና ማጥበቂያውን ኪያቤ ለእኔ ሰጡኝ። የአንዱን ብሎን ራስ ወዲህ፣ ዳዶውን ወዲያ አድርጌ በገዛ እጄ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ።

ማታ ለአጎቴ የሆነውን ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በየትኛው ዜማ ነበር የሚጮኸው?»

«በአራራይ ቆየና በዕዝል ጨረሰ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ መዶሻና ስለ ጆሮዬ ከዚያ ወዲያ አንሥተውብኝ አያውቁም። እኔም ሥራውን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠራሁት፤ በሰንበትም በበዓልም ከማኅሌት አልቀረሁም። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አላሳፈረብኝም። ጋሽ ወርዶፋ በወጉ ጡረታ ወጥተው፣ በልጆቻቸው መካከል ሆለታ ላይ አረፉ። እስከ መጨረሻው ሥራቸው ድረስ የቀኝ እጃቸው እኔ ነበርኩ፤ ከዕቃ ሳጥናቸው ጋር የማይለይ አንድ አሮጌ መቋሚያም ነበራቸው። የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ለማዳመጫ ነው ይሉ ነበር፤ እውነትም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ጉድጓዱ ዳር ቆሜ ሳለ ሕሊና ከታች ተጣራች። «አባባ፣ ይህን ያዩታል? አሮጌ ቅርንጫፍ አገኘን። ማን እንደ ሠራው አይታወቅም፤ ግን አንዲት ጠብታ አያፈስም።» ጭቃውን በጓንቷ ጠረገችለት። «ከስምንቱ አንዱን ብሎን ብቻ በግልባጭ አስገብተውታል። ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።»

«ስሕተት አይደለም ልጄ» አልኳት። «ፊርማ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ማን እንደ ሆኑ፣ እንዴት እንደ ሠራነው፣ ድሮም ይቻል እንደ ነበር ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ማሽኗን አስቁማ ነው የሰማችኝ። ከዚያ ደጋግፈው ወደ ጉድጓዱ አወረዱኝ። የመቋሚያዬን ጫፍ በአሮጌው እቅፍ ላይ ተከልኩና ራሱን ከጆሮዬ ኋላ አስጠጋሁ። የመኪናውንም የሰውንም ጩኸት አጥርቼ መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ውሃው በአጥንቴ ውስጥ መጣ። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ ክሊኒኩ ይወርዳል፤ ሁለተኛው እኛ በከፈትናት ክብ መስኮት ታጥፎ ወደ ቀራንዮ ቤቶች ይገባል። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያዜም ኖሯል።

መቋሚያውን ለሕሊና ሰጠኋት። እንደ እኔ አድርጋ አስጠጋችውና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሰማሻል?» አልኳት።

እጇን አንሥታ «ቆይ» አለችኝ። ጋሽ ወርዶፋም ልክ እንዲህ ነበር እጃቸውን ያነሡት።